ልጄ ሰው ያስተነፍሳል

ባለፈው ወር ከወጣቶች ትምህርት በኋላ ወንበር ስንሰበስብ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ጠጋ ብላ፣ «ቲቸር፣ አንተ ግን ሆስፒታል ውስጥ ምንድን ነህ?» አለችኝ። እናቷ ነርሲንግ ግቢ እያሏት ነው፤ እሷ ገና አልወሰነችም። ዶክተር እንዳልሆንኩ ታውቃለች። ነርስም አይደለሁም። ሬስፓይራቶሪ ቴራፒስት ነኝ አልኳት። «እሺ፣ እሱስ ምንድን ነው?» ልመልስላት ስል አባቷ ከፓርኪንግ ደወሉላትና ሄደች። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእሷ ነው፤ ግን ከእናንተም መካከል «ምን ልማር?» እያላችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ሥራዬን በአማርኛ አሳምሮ የሚጠራ ቃል እስካሁን አላገኘሁም። «የመተንፈሻ አካላት ሕክምና ባለሙያ» ማለት ይቻላል፤ ግን ቡና ላይ እንዲህ ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቅ ሰው ማን ይሰማዋል? እናቴ በሁለት ቃል ጨርሳዋለች። ጉለሌ ላሉት ጎረቤቶቿ፣ «ልጄ አሜሪካ ሰው ያስተነፍሳል» ትላለች። መጀመሪያ ይህን ስትል የሰሙ አንድ ጎረቤታችን፣ «ምነው፣ ጎሚስታ ሆነ እንዴ?» አሏት። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅበታል።

ሥራው በአጭሩ፣ መተንፈስ ያቃተውን ሰው በራሱ መተንፈስ እስኪችል ድረስ መርዳት ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ ይሆናል፣ አስም የተነሣባት ልጅ ትሆናለች፣ ከቀዶ ሕክምና የወጣ ጎልማሳ ይሆናል። ኦክስጅን እንሰጣለን፤ በትንፋሽ የሚሳብ መድኃኒት እንሰጣለን፤ የመተንፈሻ ማሽኑን እናገናኛለን፣ እናስተካክላለን፣ ጊዜው ሲደርስ እናነሣለን። በአገራችን ይህ ሙያ ራሱን ችሎ እምብዛም አልቆመም፤ ሥራውን ሐኪሞች፣ ነርሶችና የአንስቴዥያ ባለሙያዎች ይከፋፈሉታል። እዚህ አሜሪካ ግን የራሱ ትምህርት፣ የራሱ ፈተናና የራሱ ፈቃድ አለው።

እኔ የተማርኩት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በዲቪ ከመጣሁ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ የሰው መኪና እያቆምኩ፣ ማታ ማታ አናቶሚና ኬሚስትሪ ወሰድኩ። በ2017 ዋናው ፕሮግራም ጀመረ፤ እሱም ሁለት ዓመት ነው። ስትጨርሱ ፈተና አለ። በእኔ ጊዜ 160 ጥያቄ ነበረው፤ በእሱ ከፍ ያለውን ነጥብ ያመጣ ደግሞ በኮምፒውተር ላይ ሕመምተኛ እያከመ የሚፈተነውን ሁለተኛ ፈተና ይቀመጣል። ስለዚህኛው ክፍል የኮሌጅ አማካሪዎቻችሁ ከእኔ የተሻለ ይነግሯችኋልና ልለፈው።

ሂሳብ የምትፈሩ ግን ከአሁኑ እወቁት፤ ሂሳብ አለው። አንዱ ቀመር በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ግፊት ያሰላል። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚያ ላይ 47ቱ የውሃ ተን ድርሻ ይቀነሳል፣ የቀረው በ0.21 ይባዛል፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻ ይወጣለታል፤ መልሱ 100 ገደማ ነው። ክፍሉ ሁሉ ይህን ሲሠራ እኔ በደብተሬ ጠርዝ ላይ አዲስ አበባን አሰላሁ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ናትና የአየሯ ግፊት ወደ 580 ይወርዳል። መልሱ ከ70 በታች መጣ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት። በዚያ በሳሳ አየር ላይ እናቴ እሳት እፍ እያለች አሳድጋናለች ማለት ነው። ያን ዕለት ይህን አስቤ በአገሬ ሰው ጥንካሬ ኮራሁና ገጹን ገለጥኩ። ኩራቱ ስለ ምን እንደነበረ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

የሙያውን ታሪክ ስንማር አንድ ቀን ክፍሉ ጸጥ አለ። በ1952 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን፣ ዴንማርክ፣ ፖሊዮ ገባ። ብሌግዳም በሚባለው ሆስፒታል የመተንፈሻ ጡንቻቸው የከዳቸው ሕፃናት በየቀኑ ይመጡ ነበር፤ የነበሩት ማሽኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በነሐሴ መጨረሻ ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የአንስቴዥያ ሐኪም ለአንዲት የ12 ዓመት ልጅ በአንገቷ በኩል ቱቦ እንዲገባላት አድርጎ፣ በጎማ ከረጢት አየር በእጁ ይገፋላት ጀመር። ልጅቷ ተረፈች። ለሌሎቹስ ማን ይጭመቅ? ማሽን የለም። ተማሪዎች ተጠሩ። ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ፣ ቀንና ሌሊት፣ ለወራት ያን ከረጢት ጨመቁ። የዛሬው ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተወለደው ከዚያ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። የዛሬው ዓይነት ስክሪን አጠገባቸው አልነበረም። ምን ያህል ልጭመቅ፣ መቼ ልልቀቅ የሚለውን የሚያዩት ከልጁ ፊት ላይ ነው።

እኛም ሆስፒታል የገባን ቀን የተሰጠን ሥራ ማሽን መንካት አልነበረም። ትንፋሽ መቁጠር ነበር፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ። ለአዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ደህና ነው። ቀላል ይመስላል። ሰው ግን ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል፤ እናንተም ይህን መስመር ስታነቡ ለውጣችኋል። ስለዚህ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው ዘዴ ትንሽ ማታለል አለበት። የሰውየውን እጅ ይዞ የልብ ምት የሚቆጥር መምሰል፣ ዓይኑን ግን ደረቱ ላይ ማሳረፍ።

ቀጥሎ ሌሎች ቆጠራዎች ይመጣሉ። ሰውየው በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል ይናገራል? አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሆነ መልካም። ሦስት ቃል ብሎ የሚያቋርጥ ከሆነ፣ የሚለውን ነገር ሳይሆን የሚያቋርጥበትን ቦታ አድምጡ ይሉናል። የአንገቱ ጅማት በየትንፋሹ ይወጠራል? አፍንጫው ይነፋል? በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? በስቴቶስኮፕ የሚሰማው ድምፅም የራሱ ትምህርት ነው። የጠበበ የአየር ቧንቧ ያፏጫል። ውሃ የቋጠረ ሳንባ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ለማወቅ ደግሞ ጥቂት ፀጉራችሁን ጆሯችሁ አጠገብ በጣቶቻችሁ መካከል እሹት፤ እሱ ነው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ስንታሽ ከረምን።

በቤተ ሙከራ አንድ ቀን ማስኩን በራሳችን ፊት ላይ አሰሩብን። ይህ ማስክ አየር በኃይል የሚገፋ ነው። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ በክረምት ሌሊት የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ምን ያስፈራኛል ብዬ በመጀመሪያ እጄን አወጣሁ። ማሰሪያው ሲጠብቅና አየሩ ሲገባ በሃያ ሰከንድ ውስጥ ነቅዬ ጣልኩት። የሳቀብኝ አልነበረም፤ ተራቸውን የሚጠብቁ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በማንም ሰው ፊት ላይ ማስክ መጀመሪያ አስሬ አላውቅም። ሰውየው በገዛ እጁ ይይዘዋል፣ አንሥቶ ያያል፣ መልሶ ያስጠጋዋል፤ ማሰሪያው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከቱቦ ውስጥ አክታ ስንስብም እንዲሁ። ከ15 ሰከንድ ማለፍ የለበትም፤ መምህራችን ግን ሰዓት አትዩ፣ የራሳችሁን ትንፋሽ ያዙ፣ እናንተ አየር ሲያምራችሁ እሱም አምሮታል ይሉን ነበር።

በትምህርቱ ዝርዝር ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ የተጻፈ ነገርም አለ፤ ከመግባታችሁ በፊት ብታውቁት ይሻላል። ሰው ከእንግዲህ እንደማይድን ሐኪሞቹም ቤተሰቡም ሲስማሙ፣ ቱቦውን የምናወጣው እኛ ነን። የመጀመሪያዬ ዕለት አሠልጣኜ አስቀድማ ለቤተሰቡ የሚሰሙትን ድምፅና የሚያዩትን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። የማሽኑን ጩኸት ዘጋችው። ከዚያ ሴት ልጃቸው ከአልጋው አጠገብ እንድትቀመጥ ወንበሩን እኔ አመጣሁ። የሠራሁት ሥራ ያ ነበር፤ ወንበር ማምጣት። ልጅቷ መጸለይ ጀመረች፤ በማላውቀው ቋንቋ ነበር። እኔ ከልማድ የተነሣ ትንፋሻቸውን ስቆጥር ራሴን አገኘሁት፤ እስኪያልቅ ቆጠርኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ከአንድ ሰዓት በላይ ሞተር ሳላስነሣ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለውን ቀን በምን ተሸከምከው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በዚያ ሳምንት ረቡዕ በጸሎት ፕሮግራም ላይ ምንም ሳልናገር ከኋላ መቀመጤን ብቻ ነው የማስታውሰው።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ።

በ2018 መጨረሻ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ አንድ ማለዳ አሠልጣኜ ሦስት ክፍሎችን ብቻዬን እንድጎበኝ ፈቀደችልኝ። በሁለተኛው ክፍል ሳንባ ምች ይዟቸው የገቡ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ነበሩ፤ የአውቶቡስ ሹፌር የነበሩ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው። ጣታቸው ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ 94 ይላል። 94 ጥሩ ነው። «እንዴት አደሩ?» አልኳቸው። «ደህና ነኝ... ልጄ። ምንም... አልልም» አሉኝ። ፈገግም አሉ። እኔም ፈገግ ብዬ ጻፍኩ፤ 94፣ ሕመምተኛው ደህና ነኝ ይላሉ። ወጣሁ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አሠልጣኜ በዚያ በር ስታልፍ ቆመች። አልገባችም። ጠራችኝና፣ «ከዚህ ሆነህ ቁጠርልኝ» አለችኝ። 32 ቆጠርኩ። የአንገታቸው ጅማት እንደ ገመድ ይወጠር ነበር። ከእጅ አንጓቸው፣ ከደም ቅዳው ቧንቧ፣ ደም ተወሰደና ተመረመረ፤ እውነተኛው ቁጥር 85 ነበር። በዚያው ሰዓት ጣታቸው ላይ ያለው መሣሪያ አሁንም 93 ይላል። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወረዱ። አሠልጣኜ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «ጣታቸውን ነው ያየኸው» ብቻ አለችኝ።

አዛውንቱ ተርፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ግን ለሳምንታት በመሣሪያው ላይ ላሳብብ ሞከርኩ፤ እውነትም የሚያሳብቡበት ነገር አለው። መሣሪያው ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ የሚለካ በመሆኑ፣ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቁጥሩን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳየ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ሲያሳይ፣ የደም ምርመራው ግን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች ላይ ከተወሰዱት መለኪያዎች 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮች ላይ ከተወሰዱት ደግሞ 11.7 በመቶ ነበር። ያን ጽሑፍ ሳነብ የራሴን ጣት አየሁት። በትምህርት ቤት ስንት ጊዜ በዚያ መሣሪያ ውስጥ አስገብቼ፣ 98 ሲለኝ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታወስኩ። ቢሆንም መሣሪያው ለእኔ ሙሉ ሰበብ አይሆነኝም። አዛውንቱ በሁለት በሁለት ቃል እየቆረጡ ነበር ያናገሩኝ። ስለዚህ ጉዳይ ተምሬያለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል ስሰማ ግን መስማት አቆምኩ።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ መምህራችን በክፍል ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ አሳዩን። ሳንባቸው ለዓመታት የተጎዳ ሰዎች አየር ሲያጥራቸው እንዴት እንደሚቀመጡ የሚያሳይ ነው። አንድ ሰው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ተክሏል፤ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል፤ ትከሻው ከፍ ብሏል፤ ከንፈሩ ሞጥሞጥ ብሏል። እንዲህ ሲቀመጡ የደረት ጡንቻዎች መደገፊያ ያገኛሉ፤ ከንፈር ሲሞጠሞጥ ደግሞ ትንፋሹ ቀስ ብሎ ይወጣና ደካማዎቹ የአየር ቧንቧዎች ቶሎ አይዘጉም። ሰው ሁሉ ይጽፋል። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነው ያሳደገችን። ለምግብ ቤት፣ ለሰርግ፣ ለጎረቤት። ማድቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ መስኮት የለውም። ማገዶው ከእንጦጦ የሚወርድ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነው፤ ቅጠል ደግሞ ቶሎ ይነድዳል፣ ብዙ ይጨሳል። ከንጋት በፊት ገብታ አክንባሎውን እያነሣች እየደፋች እስከ ረፋድ ትቆያለች። ስትጨርስ ወጥታ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። ሁለት እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ ትተክላለች፤ ወደ ፊት ዘንበል ትላለች፤ ከንፈሯን ሞጥሞጥ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ዝም ትላለች። እኛ ልጆቿ እየጸለየች ነው ብለን በእግራችን ጣት እንራመድ ነበር። ምናልባትም ትጸልይ ነበር።

ያን ማታ ስልኬን ከፈትኩ። በየእሑዱ እደውልላታለሁ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ድምፅዋ ይቆራረጥብኝ ነበር፤ «እማዬ፣ ኔትወርኩ ነው መሰለኝ» እላታለሁ። «አዎ... ኔትወርኩ ነው» ትለኛለች። ያን ማታ ግን አልደወልኩም። በቫይበር ከላከችልኝ የድምፅ መልእክቶች አንዱን ከፍቼ ሰማሁ። ተቀድቶ የመጣ ድምፅ በኔትወርክ አይቆራረጥም። አራት ቃል፣ ትንፋሽ። ሦስት ቃል፣ ትንፋሽ። ሁለት። ጥርት ብሎ ይሰማል። የደዌው ስም በደብተሬ ላይ ነበር፤ ሲጋራ በአጠገቧ አልፎ የማያውቅ ሴት በማገዶ ጭስ ብቻ ልትታመመው እንደምትችልም እዚያው ጽፌያለሁ።

ትምህርት ቤት ሌላም ነገር አስተምሮኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው «ትንፋሽ ያጥርሃል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ አይ ይላችኋል። ቀስ በቀስ ስለመጣበት ኑሮውን በልኩ አጥብቧልና አያጥረውም። «ድሮ ታደርገው የነበረ፣ አሁን የተውከው ነገር ምንድን ነው?» በሉት። እሑድ ስደውል ይህን ጠየቅኳት። አሰበችና ዘረዘረችልኝ። መዘምራን ትታለች፤ ዕድሜ ነው አለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ዳገቱ ላይ ከእንስራ ሻጯ ጋር ለመጫወት ትቆማለች። እንስራ ሻጯን ስለምትወዳት ነው አለች። የምትቀመጠው ከኋላ፣ በር አጠገብ ነው፤ ነፋሱ ደስ ስለሚላት።

ከዚያ የባሰው መጣ። ከዓመታት በፊት አንድ ክሊኒክ አስም ነው ብሎ ፓፍ አዞላት ነበር። እኔም ከዚህ በሰው እጅ ቬንቶሊን እልክላት ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ላክሁ። «እስቲ እንዴት እንደምትወስጂው አሳዪኝ» አልኳት። የጎረቤታችን ልጅ ስልኩን ያዘላት። አፏን ከፈተች፤ ሁለት ጊዜ ምላሷ ላይ ረጨችው፤ ምራቋን ዋጥ አድርጋ አፏን ዘጋች። «ይመራል እንጂ ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥህ የኔ ልጅ» አለችኝ። ክሊኒኩ አላሳያትም። እኔ ደግሞ ይህንኑ ነገር በመጀመሪያው ሴሚስተር በክፍል ጓደኞቼ ላይ አስተምሬ ውጤት የተሰጠኝ ሰው ነኝ። ለማያውቁኝ አሜሪካውያን ሁሉ «እስቲ መልሰው ያሳዩኝ» እላለሁ። እናቴን አንድም ቀን አላልኳትም። ደህና ነኝ ትለኝ ነበራ።

መድኃኒቱ ከመረጨቱ በፊት ፓፉ ይወዛወዛል፤ ትንፋሽ ይወጣል፤ ከንፈር ይገጥማል፤ ሲጫኑት እኩል ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ እስከ አሥር ሰከንድ ይያዛል። እጅና ትንፋሽ እኩል እንዲሄዱ ማድረግ ለሽማግሌም ለሕፃንም አስቸጋሪ ነው። ለዚህ በመካከል የሚገባ የፕላስቲክ ዕቃ አለ፤ ዋጋው ግን ለብዙ ሰው አይቀመስም። በ1999 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ያሉ ሐኪሞች ግማሽ ሊትር የሚይዝ ተራ የፕላስቲክ ጠርሙስ አስም ላለባቸው ሕፃናት ከተገዛው ዕቃ እኩል እንደሚሠራ አሳይተው ላንሴት ላይ አሳትመዋል። ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፣ ፓፉ ይገባበታል፣ ዙሪያው በሙጫ ይደፈናል፤ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተነፍሱበታል። ይህን ስነግራት እናቴ፣ «በሃይላንድ?» ብላ እስክታስል ሳቀች። የጎረቤታችን ልጅ ሽቦ አግሎ በሳው። አራት ሃይላንድ አበላሽቶ አምስተኛው ተሳካለት።

በማግሥቱ ይኸው ልጅ ሐኪም ቤት ወሰዳት። አክታዋ ተመርምሮ ሳንባ ነቀርሳ እንደሌለባት ታወቀ፤ ሐኪሙም ጭሱ ነው አሏት፤ መድኃኒቷም ተስተካከለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ተገዛ። ተጣላን። እንጀራ በእንጨት ነው የሚጣፍጥ አለች፤ ደንበኞቼ ያውቁብኛል አለች። መብራት ሲጠፋ ዛሬም ማድቤቱ ይጨሳል፤ የጎረቤታችን ልጅ እየደበቀ ይነግረኛል። የተጎዳው ሳንባ እንደማይመለስ በፈተና ላይ መልሼ ነጥብ አግኝቼበታለሁ፤ ለእሷ ግን እስካሁን በዚያ ቃል አልነገርኳትም። ትንፋሽ ሲያጥራት ከንፈሯን ሞጥሞጥ አድርጋ ቀስ ብላ እንድታስወጣ ላስተምራት ስጀምር፣ «እንደ እሳት እፍ ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እሱንማ እኔ ላስተምርህ» አለች።

የመጀመሪያው ቀን ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ስለ አክስቴ ልጅ ሰርግ እንድትነግረኝ አድርጌ በስውር ቆጠርኳት። 28 ነበር። ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ተመርቄያለሁ፤ በ2020 በየአልጋው ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲተኛ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል። አሁንም እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ በምስል እደውልላታለሁ። ሰላምታው እንደ ድሮው ነው፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ አንድ ነገር እጠይቃትና ዝም እላለሁ፤ እሷ ታወራለች። ባለፈው እሑድ ስለ ጎረቤቶቿ ጀምራ መሃል ላይ አቋረጠችና ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው።

«ዝም ካልክ አውቅሃለሁ» አለችኝ። «አሁንስ ስንት ደረስኩ?»